እጅጌው እስከ አንጓ ይሁን

አዘዞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ከበረዶ ጋር ለምትኖረው ለእህቴ ልጅ ለኤሌኒ

እንዴት ነሽልኝ የኔ ሸጋ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? እኔ አክስትሽ እናኑ ጌታ ይመስገንና ከስፌት ማኪናዬ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ደኅና አለሁ። ባሌ ቢሻውም ከጆሮው በቀር ሙሉ ጤነኛ ነው።

አሁን ቁጭ በይ። ተቀመጥሽ? በይ እልል በይ! ሃናን ልድራት ነው! ለጥር መጨረሻ ቀጠሮ ይዘናል። ከደስታዬ የተነሳ ትናንት የሰው ሱሪ ሁለቱን እግሩን አንድ ላይ ሰፍቼው ባለቤቱ ሊለብሰው ሲታገል ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ሽማግሌ የላኩት የጠዳ ሰዎች ናቸው። ልጁ እንዳልካቸው ይባላል፤ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ዓይናፋር፣ ሸጋ ልጅ። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ ግን ሌላ ናት። እህል ነጋዴ ናት፤ ጤፍ በእፍኟ አንስታ አሸዋ እንዳለበት የምታውቅ ሴት እኔንም እንደዚያው አገላብጣ አየችኝ። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለን ካረጋገጡ በኋላ፣ እሷ ጠጋ ብላ «በዘራችሁ ደዌ አለ?» አለችኝ። ምነው! አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን «እኛ ቤት ሰው የሚሞተው በእርጅና ነው» አልኳት። እናትሽ እንኳየሁ በወጣትነቷ ማለፏን አላነሳሁም። ያ የእሷ ዕድል ነው እንጂ ዘር አይደለም።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪ። ቢሻው ጆሮው ስለደከመ ስልክ የምናነሳው ላውድ አድርገን ነው፤ አንቺ ስትደውዪ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ሰላም ልበላት ብሎ ይከበናል። የቤቴን ነገር መንደር አይስማው።

ከሙሽራዋ ጎን የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ልክሽን ላኪልኝ፤ ቀሚስሽን ራሴ እሰፋዋለሁ። እጅጌው ከክርን ከፍ ያለ፣ አንገቱ ገለጥ ያለ አድርጌ አስቤዋለሁ። የጥርን ፀሐይ ታውቂዋለሽ። ፎቶም ላኪ፤ መልክሽን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ደግሞ በዚያ ጨለማ ምን እየበላሽ ነው የምትከርሚው?

ሃና ትስምሻለች። ጉንጯ ቀላ ብሎ አምሮባታል፤ ልክ እንደ እናትሽ። ሰው ሁሉ «ሙሽርነት አማረባት» ይላል። ትንሽ ትደክማለች፤ የድግስ ሐሳብ ነው።

አክስትሽ እናኑ

*

ትሮምሶ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለእትዬ እናኑ

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ፤ ለአያ ቢሻውም ለሃናም እንዲሁ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስቄ ሰዎቹ ዘወር ብለው አዩኝ። የሃና ደስታ የእኔ ደስታ ነው። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ከተሳካ እመጣለሁ።

ልኬን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። እትዬ፣ እባክዎ እጅጌው እስከ አንጓ ይሁን። አንገቱም ዝግ ይሁን፤ ወገቡ ደግሞ ሰፋ ይበል። ቀን ቀን ብዙ ደጅ አልወጣም፤ በጥምቀትም ቀሐ ወንዝ ወርጄ ፀሐይ ላይ አልውልም። ለምን እንዳይሉኝ፤ ብርዱን ለምጄ ሙቀት ከብዶኝ ነው።

ፎቶውን ሌላ ጊዜ እልካለሁ። የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል።

ምን ትበያለሽ ላሉኝ፣ ዓሣ ነው የምበላው። ፀሐይም በቅርቡ ጨርሳ ትጠልቅብናለች፤ እስከ ጥር አትወጣም። ለዚያ ቪታሚን ዲ የሚባል ጠብታ በየቀኑ እወስዳለሁ። እዚህ ሁሉም ሰው ይወስዳል።

ልጅዎ ኤሌኒ

*

አዘዞ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ካሜራዋ ለተበላሸባት ለኤሌኒ

ጤናሽን እመቤቴ ትጠብቅልኝ። እኛ ደኅና ነን።

በይ አሁን እውነቱን እናውራ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው በአፉ የደበቀውን ሜትር ይነግረኛል። የሚደብቅ ሰው ስለካው ሆዱን ይስባል። የማይስብ ሰው ዕቃ በአደራ ቢሰጡት አያጎድልም። አንቺ በወረቀት ስለላክሽው ስትስቢ አላየሁሽም እንጂ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ከሰፋሁልሽ ቀሚስ ጋር አስተያየሁት። ወገብሽ ሌላ ሰው ሆኗል! ወገቡ ሰፋ ይበል፣ አንገቱ ይዘጋ፣ ደጅ አልወጣም፣ ፎቶ የለም። ስንተኛ ወርሽ ነው? አባቱስ ማን ነው? ፈረንጅም ቢሆን አልቆጣም፤ ክርስትናውን ብቻ እዚህ እናድርገው። የሕፃን ልብስ ቆርጬ ጨርሻለሁ።

እርጉዝ አይደለሁም ካልሽ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። አምሐን ታውቂዋለሽ፤ ዩኒቨርሲቲው ለኮርስ ወደ እናንተ አገር የላከው የመድኃኒት ባለሙያው። ቤትሽ መጥቶ ራት አብልተሽዋል። ሲመለስ ሱቄ መጥቶ ሱሪ እያሳጠረ «ኤሌኒ ቤት ጠረጴዛ ላይ የወባ መድኃኒት አየሁ» አለኝ። ወባ! በበረዶ አገር! ትንኟ ካፖርት ለብሳ ነው የመጣችው? መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያጨደ ሰው ቢወስደው ይገባኛል። ከጎኑ የጠብታ ብልቃጥም ነበር አለ። ጠብታውን ነግረሽኛል፤ ኪኒኑን ለምን ዘለልሽው?

እሺ፣ ይሄን እንተወው። የምጠይቅሽ የአንዲት የጎረቤት ልጅ ነገር አለ። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል፤ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያቅታታል። ይደክማታል። አምሐን በዘዴ ብጠይቀው፣ ያ ጠብታ ለአጥንት ነው አለኝ። ለዚች ልጅ ይሆናት ይሆን? ለእናቷ አዝኜ ነው። ሐኪም ቤት እንዳይወስዷት ልጅቱ ለወግ ለማዕረግ የደረሰች ናት፤ በሽተኛ ናት የሚል ወሬ ከወጣ አለቀላት።

ለማንም እንዳታወሪ።

የምትወድሽ ግን የምትጠረጥርሽ አክስትሽ እናኑ

*

ትሮምሶ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ እናኑ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ በእኩለ ቀን መብራት አብርተን ነው የምንውለው።

እርጉዝ አይደለሁም። የቆረጡትን የሕፃን ልብስ ለሌላ እድለኛ ይስጡት። ወገቤ የሰፋው በመቀመጥ ነው። አምሐ ደግሞ ተሳስቷል፤ ኪኒኑ ለሌላ ነገር ነው።

ጠብታው ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ፀሐይ ቆዳን ስትነካ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፤ ፀሐይ የሌለው ሰው በጠብታ ይወስደዋል፣ ይኸው ነው። እርስዎ እኛን በሕፃንነታችን ቅቤ ቀብተው ጠዋት ጠዋት ደጅ ያሰጡን አልነበር? እሱን ማለት ነው። እዚያ ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ ምን ይሠራላችኋል?

ይልቅ የጎረቤቷ ልጅ ማን ናት? የአዘዞን ጎረቤቶችዎን ሁሉ አውቃለሁ። ለወግ የደረሰችውን ሳስብ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚመጣብኝ። እትዬ፣ ማን ናት?

ኤሌኒ

*

አዘዞ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐኪሟ ለልጄ ለኤሌኒ

እንኳን አፍሽን ፈታሽልኝ! በዩኒቨርሲቲው ሰው እጅ የላክሽው ደብዳቤ ቶሎ ደረሰኝ፤ መልሱንም በሚመለሰው ሰው እጅ ሰድጄዋለሁ። አንብቤ ስጨርስ ግንባሬን በጥፊ መታሁት። ፀሐይ! እኔ የራሴንም የሰውንም ስድስት ሕፃን በፀሐይ ያጠነከርሁ ሴት ብልቃጥ ልለምን ነበር!

በማግሥቱ ጀመርን። የጎረቤቷን ልጅ ጠዋት አስነስቼ፣ እጅጌዋን ሰብስቤ፣ ፊቷን በለጋ ቅቤ አሽቼ፣ ግድግዳው ሥር ምንጣፍ ላይ አስቀምጣታለሁ። ስትነጫነጭ «ዝም በይ፣ ሕፃን ሳለሽ እንኳ እንዲህ አላለቀስሽብኝ» እላታለሁ። ፀሐዩ ግድግዳውን እስኪለቅ አትነሳም። ጠዋት ብቻ መስሎሽ? ከሰዓትም ደገምሁላት። ትንሽ ከጠቀመ ብዙ መጥቀሙ ይቀራል?

እንዴት ሆነች አትዪኝም? ጉንጯና አፍንጫዋ ላይ ቅላቱ ክንፉን እንደዘረጋ ቢራቢሮ ሆኖ ወጣ። በሽታው ወደ ውጭ እየተገፋ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። ማታ ማታ ያተኩሳታል፤ አፏ ውስጥም ቁስል አለ፤ ማበጠሪያዋ ላይ ፀጉር ይበዛል። እሱ ከፀሐዩ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። መድኃኒት መጀመሪያ ያስቸግራል።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ባለፈው ለድግሱ እህል አስጭና መጥታ «ፊቷን ምን ነካት?» አለች። «የሙሽራ ቅቤ ነው» አልኳት። እህሉን ሳታራግፍ ቆማ ብዙ አየቻት። ይቺ ሴትዮ አንድ ነገር ሸታለች።

ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ጠብታውንም ላኪልኝ፤ በርከት አድርጊው። ከፀሐዩ ጋር ደርበን ብንሰጣት ለጥር ትደርሳለች። የአንቺን ቀሚስ እጅጌ ደግሞ እስከ ክርን ቆርጬዋለሁ፤ እስከ አንጓ መነኩሲት ነው የምትመስዪው።

አክስትሽ እናኑ

*

ትሮምሶ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት በገና ዕለት ነው። «የጎረቤቷ ልጅ» የሚለውን ሳነብ እየጠረጠርሁ ነበር፤ «የሙሽራ ቅቤ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጥዬ ደወልሁ። ጮኼ የተናገርሁትን ሰምተውኛል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ስልካችሁ አይሠራም። ማን እንደሰማኝ አላውቅም። ቤት ውስጥ እንግዳ ከነበረ ይማሩኝ፤ ግን ደግሜም ቢሆን እጮኸው ነበር።

የዘለልሁትን ሁሉ አሁን ልጻፈው። አምሐ አልተሳሳተም። ኪኒኑ ለወባም የሚሰጥ ነው፤ እኔ ግን የምወስደው ለሉፐስ ነው። ከበሽታ የሚጠብቀን የሰውነታችን ኃይል ተሳስቶ የገዛ ራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት ሕመም ነው። አይተላለፍም፤ ከሰው ሰው አይጋባም። ካወቅሁት ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ፊቴን ያሳበጠው፣ ወገቤን ያሰፋው አብሬው የምወስደው ሌላ መድኃኒት ነው። ፎቶ የከለከልሁዎት ለዚያ ነው። የላክሁት የወገብ ልክ እንኳ አሳንሼው ነው።

ፀሐይ ደግሞ ለእኔ ጠላቴ ናት። ጥቂት ከዋልሁባት ፊቴ ይቀላል፣ መገጣጠሚያዬ ያብጣል፣ ያተኩሰኛል። ጠብታውን የምወስደው ክረምቱ ጨለማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በበጋም ከፀሐይ ስለምሸሽ ነው። ይህን ብጽፍልዎ ኖሮ ሃና ግድግዳው ሥር አትቀመጥም ነበር። ግማሹን እውነት ነገርሁዎት፤ ግማሹ ሃናን አቃጠላት።

ጠብታውም በሽታውን አያድነውም። ያለ ፀሐይ የቀረውን አጥንት ይደግፋል እንጂ የኪኒኑን ሥራ አይሠራም። መጠኑን ሐኪሜ ደሜን መርምራ ነው የነገረችኝ። አብዝተው ቢወስዱት ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ አልልክም፤ ይቆጡኝ።

ሃና ሉፐስ አለባት አልልም፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን የጻፉልኝ ሁሉ፣ ቅላቱ፣ የጣቷ መድረቅ፣ የአፏ ቁስል፣ እኔን ሐኪም ቤት ያስገባኝ ነው። አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። ደሟንም ሽንቷንም ይመርምሩ፤ በተለይ ኩላሊቷን ይዩላት። ከቤተሰብ የታመመ አለ ወይ ካሏችሁ አለ በሉ። እኔ አለሁ። እናቴም ሳትኖርበት አልቀረችም። ሐኪሜ ስለ እናቴ ስትጠይቀኝ የነገርኳት፣ ጉንጯ እንደሚቀላና እግሯ አብጦ እንደሞተች ነው።

ፎቶዬን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እኔ ነኝ፤ እንዳይደነግጡ።

ልጅዎ ኤሌኒ

*

አዘዞ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ድምፅዋ ከበረዶ አገር ተነስቶ አዘዞን ላናወጠው ለኤሌኒ

ጤናሽን ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ አሁን የምጠይቀውን አውቄ ነው የምጠይቀው። ፎቶሽን ማኪናው ላይ ለጥፌዋለሁ። ድቡልቡል ብለሽልኛል! ቢሻው «ይቺ ሐኪም ቤት ሳይሆን ድግስ ቤት የከረመች ናት» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ መነጽሩን ጠረገ።

በገና ዕለት የሆነውን ልንገርሽ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከልጇ ጋር ለበዓል መጥታ ዶሮው ቀርቦ ነበር። ሃና ደጅ ምንጣፏ ላይ ናት፤ የቀኑ ድርሻዋ አልሞላም ብዬ አላስነሳኋትም። ስልኩ ጮኸ፤ ቢሻው እንደ ልማዱ ላውድ አደረገው። ይኸው ያንቺ ድምፅ፦ «እትዬ፣ ሃናን አሁን ከፀሐይ ያስገቧት! የጎረቤት ልጅ አይደለችም፣ ሃና ናት! ያለባት የእኔ በሽታ ሊሆን ይችላል!»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

«የማን በሽታ?» አለች።

«ቀልደኛ ናት፤ ብርዱ ነው የሚያስቀባጥራት» አልኩ። አፌ ነው፣ ምን ላድርገው! ስልኩን ልነጥቅ ስል ከቢሻው እጅ ወድቆ መስታወቱ ተሰባበረ። ገና ትናንት ነው የተጠገነው።

ሃና ግን በሩ ላይ ቆማለች። ቅቤው ከአገጯ ይንጠባጠባል።

«እማዬ፣ በቃ» አለች። «በየደብዳቤሽ የጎረቤት ልጅ ስታደርጊኝ አነብ ነበር። ለሠርጉ ብዬ ዝም አልኩ። አመመኝ። እስካሁን የሰፋሽልኝን ቀሚስ ቁልፍ የሚቆልፍልኝ አባዬ ነው።»

ልጄ፣ የዚያን ጊዜ መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። እንዳልካቸው፣ ያ ሻይ እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ልጅ፣ ተነሳና ጃኬቱን በራሷ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ውስጥ አስገባት። እናቱ ግን ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ደህና ሁኑም አላለችን።

በማግሥቱ ልጁ መኪና ይዞ መጥቶ ሆስፒታል ወሰድናት። ደም ሰጠች፣ ሽንት ሰጠች፣ ብዙ ቀን ተመላለስን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቤተሰብ ውስጥ የታመመ አለ ወይ ስትል፣ በሰው እጅ የደረሰኝን ፎቶሽን ከቦርሳዬ አውጥቼ «ይኸው አለ» አልኳት። ያው ያንቺው በሽታ ነው አለችኝ። ኩላሊቷ ግን ገና አልተነካም። ገና አልተነካም ስትል የሆስፒታሉ ወለል ላይ ተደፍቼ ሳምሁ፤ ጥበቃው ወደቀች ብሎ ሮጠ። ያው የወባ ኪኒን ተሰጣት። ጠብታውንም ደሟን አይታ እዚሁ በልክ አዘዘችላት፤ አንቺን አላስቸግርም። ጣቷ ገና ነው፤ ትኩሳቱ ግን ለቋታል። ቅቤው ወጥ ውስጥ ገባ።

አሁን ስለ ሠርጉ። ከጠዳ «ለሌላ ጊዜ ይቆይ» የሚል ቃል መጣ። ለሌላ ጊዜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እንዳልካቸው በየቀኑ ቢመጣም እናቱ ከጀርባ ምን እያሰበች ነው እያልሁ ሐሳብ በላኝ። ከጥምቀት በኋላ ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ ብቻዋን መጣች። ልትሰልል ነው አልኩ። ፎቶሽን አየችው፤ ጠጋ ብላ አየችው።

«ይቺ ናት?» አለች።

«ይቺ ናት።»

«ትሠራለች?»

«አረጋውያን ትንከባከባለች። ራሷን ታስተዳድራለች።»

«ምነው ያኔ በእርጅና ነው የምንሞተው አሉኝ?»

«ልጄን እንዳይተዉብኝ።»

ከዚያ ነጠላዋን መንጠቆው ላይ ሰቀለችና እጆቿን ዘርግታ ቆመች። «ለሠርጉ የሚሆን ይለኩኝ» አለች። «ከፋሲካ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ዳስ ውስጥ ይሁን ብያለሁ። እጅጌዬን እስከ አንጓ ያድርጉት። ሁላችን ረጅም ከለበስን ሙሽራዋን ብቻ የሚያይ የለም።»

አላመንኋትም። ሜትሬን አንስቼ በጥርጣሬ ደረቷን ለካሁ፤ ከዚያ ወገቧ ላይ ሜትሩን አጠመጠምሁና ጠበቅሁ። እህል ነጋዴ ናት፣ ወገቧም እንደዚያው ነው። ዓይን ዓይኔን እያየች ቆመች።

ሆዷን አልሳበችም።

ልኳን ጻፍሁት። ከዚያ የአንቺን ያን እስከ ክርን የቆረጥሁትን እጅጌ ፈትቼ ጣልሁት፤ አዲስ ሸማ ገዝቻለሁ። አሁን የቀረኝ ያንቺ ነው። እውነተኛውን ልክሽን ላኪልኝ፤ ሜትሩን ስትይዢ ሆድሽን አትሳቢ።

አክስትሽ እናኑ